ግራ ፔዳል

መጋቢት ነው፤ በረዶው ጣሪያ ላይ ተኝቷል፤
ካውሃዮኪ ላይ ቀን ረዝሟል፣ ብርዱ ግን በርትቷል።
ወንድሜ ታውኖ ማለዳ ደወለ፤
«ዓይንና እግር ጎድሎኛል፤ ነይ» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰው እንዲህ ይጠራል?
ግን ታውኖ ነው፤ ቃልን እንደ ቤንዚን ይቆጥባል።

ከድንች መጋዘኑ፣ ከሣጥኖቹ መሐል፣
አፍንጫዋ ወደ ሰማይ፣ ጭራዋ ከመሬት፣
ቆማለች አውሮፕላኗ፤
ዐሥራ አንድ ክረምት በእጁ የሠራት፣
ዐሥራ አንድ ክረምት «አትበርም» ያልሁበት።
እሱ እንጨት ሲያጣብቅ፣ ሸራዋን ሲወጥር፣
እኔ በሆስፒታል መርፌ ስቆጥር፣
እንዲህ ነው ያረጀነው፤ ባንድ መንደር፣ በሁለት በር።

ዛሬ የቀራት ፍሬን ነው።
«ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል» አለ፤ «አየር ካለ ፔዳሉ ስፖንጅ ነው።»
ሳቅ አመለጠኝ፦ በአየር ልትኖር የተሠራች
ባንዲት የአየር አረፋ ከመንገድ ቀረች!
እሱ አልሳቀም። ከጎማው ሥር ተጋደመ፤
የዘይት መርጫውን ከብሎኑ አፍ ገጠመ።
ዘይቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋ፤
አየር ሽቅብ ይወዳልና፣ መንገዱን ይዞ እንዲጠፋ።
እኔን ጫማዬን አስወልቆ ከላይ አስቀመጠኝ፤
«ዓይንሽን ከጣሳው አትንቀዪ፤ ሲሞላ ንገሪኝ።»

ቀይ ነው ዘይቱ። ማንም አልነገረኝም ነበር።
በብርሃን አሳላፊው ቱቦ ቀስ እያለ ሲሻገር፣
አርባ ዓመት ያየሁት ነገር፣ በሰው ክንድ፣ በሌሊት ተረኛ፣
እዚህ ደግሞ በእንጨት አካል፣ በቀን ብርድ መጣ ወደኛ።
አፌን ከፍቼ ሳይ ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ፤
ካልሲዬ ራሰ።

«አረፋ አለ?»
                «አለ።»
«አሁንስ?»
                «አንድ ትንሽ። ሁለት።»
«አሁንስ?»
                «ጠራ።»
ቀኙን ረገጥሁት፤ ጠነከረ እንደ አለት።
ግራው ግን እንደ ሊጥ ገባ፤
ታውኖ ደግሞ ገፋ፤ ዘይቱ በክርኑ ፈሰሰ፣
ደግሞ ገፋ፤ በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ራሰ።
ብሎን ፈታ፣ ብሎን አሰረ፣
ሰይጣንን በስሙ ጠራ፤ ከዚያ ዝም አለ፤
ዝምታው ከስድቡ መረረ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ።
ጣቶቼ ሲደነዝዙ ቁልቁል አየሁ፦ ከፔዳሉ ጎን ቱቦው
እንደ ድመት ጀርባ ጉብ ብሏል።
ከእኔ ቀድሞ እጄ አወቀው።
መርፌ ስሞላ ምን አደርግ ነበር?
ወደ ላይ አቁሜው፣ በጥፍሬ ጠቅ ጠቅ፣
አረፋው ጫፉ ጋ እስኪደርስ፤ ያኔ ነው ጫን የምለው።
አጋድመው የያዙት መርፌ አየሩን አይለቅም።

«ታውኖ» አልሁ፤ «እንዲህ ተንጋላ አይሆንም። ጭራዋን አንሣ።»
«ምን?»
«ጭራዋን። ስትበር እንደምትሆነው አድርጋት።»

ቀና ብሎ አየኝ።
ዐሥራ አንድ ዓመት «አትበርም» ሲል የኖረ አፌ
«ስትበር» አለ።
ሁለታችንም ሰማነው፤ አንዳችንም አላነሣነው።

ከጭራዋ ሥር ሦስት የድንች ሣጥን ደረደርን፤
እኔ ወደ መቀመጫው፣ እሱ ወደ ወለሉ ተመለስን።
አንዴ ገፋ።
ከጉብታው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል፣
ክብ፣ ብርቅርቅ፣ ግትር፣
ተንፏቃ ተንፏቃ ጣሳው ውስጥ ብቅ አለች፤
ፈነዳች። ድምፅ እንኳ አልነበራት።
ግራውን ረገጥሁ። እግሬን መለሰው።

ሣጥኖቹን አወጣን። እኔ እንደተቀመጥሁ እሱ ከኋላ ገፋ፤
ስድስት ሜትር በሲሚንቶው ላይ፣ የመጀመሪያ ጉዞዋ ይኸው ነው፤
ግድግዳው መጣ፣ መጣ፤ ሁለቱንም ረገጥሁ።
ከግድግዳው አንድ ስንዝር ሲቀራት
«ቆመች» አለ ታውኖ፤
ቆይቶ ደግሞ፣ ለራሱ፦ «እንግዲህ መነሣቱ ነው የቀረ።»

ካልሲዬን ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤
ቀዩ አልለቀቀም።